አዮዶሶርብ፦ በእዥ የሚከፈት የቁስል ጄል

ወራት ያስቆጠረ፣ እዥ የማያቋርጥ፣ ሽታው የተለወጠ የእግር ቁስል ባለበት ቤት ብዙውን ጊዜ መድኃኒት አይጠፋም። ቤታዲን አለ፣ ፉራሲን አለ፣ አንዳንዴ ጂቪም አለ። የሚጠፋው መድኃኒቱ ቁስሉ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ነው። ጠዋት የተቀባው ቀትር ሳይደርስ በእዥ ታጥቦ ፋሻው ውስጥ ይቀራል። አዮዶሶርብ የተሠራው ለዚህ ችግር ነው፤ እኛም የምንመዝነው በዚሁ ነው። አዮዲኑን ለቀናት እያብቃቃ ይለቃል ወይ? ትክክለኛው ቁስል ላይ ከዋለ ይለቃል። ትክክለኛ ያልሆነ ቁስል ላይ ከዋለ ግን ውድ ቅርፊት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት ቁስሉን ማወቅ ይቀድማል።

አምራቹ ስሚዝ ኤንድ ኔፊው ነው። ዕቃው በሦስት መልክ ይገኛል፦ በቲዩብ የሚሸጥ ወፍራም ቡናማ ጄል፣ በ3 ግራም ፓኬት የሚመጣ ዱቄት፣ እና አዮዶፍሌክስ የሚባለው በመረብ ጨርቅ መካከል የተዘረጋ ሊጥ መሰል ነገር። አዮዶፍሌክስ በ5፣ በ10 እና በ17 ግራም ይገኛል። የጄሉ ቲዩብ መጠን እንደ አገሩ ይለያያል፤ እንግሊዝ ውስጥ 10 ግራም፣ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ 40 ግራም የሚይዘው የተለመደ ነው። በሦስቱም ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ካዴክሶመር አዮዲን ሲሆን የአዮዲኑ መጠን 0.9% ነው።

ይህ 0.9% የሚለው ቁጥር ብዙ ሰው ያሳስታል። የተለመደው 10% ፖቪዶን አዮዲን፣ ማለትም ቤታዲን የምንለው፣ ለሥራ ዝግጁ ሆኖ የሚገኘው አዮዲኑ 1% ያህል ነው። በመጠን ከተለኩ ሁለቱ እኩል ሊባሉ ምንም አይቀራቸውም። ልዩነቱ ያለው አዮዲኑ በታሰረበት ነገር ላይ ነው። ቤታዲን ፈሳሽ ስለሆነ እንደፈሰሰ ያለውን አዮዲን ባንዴ ያቀርባል፤ መግል፣ ደምና ፕሮቲን ያገኘው አዮዲን ደግሞ ቶሎ ኃይሉን ያጣል። ለቀዶ ሕክምና ቆዳ ለማጽዳት ይህ ፍጥነት ጥቅም ነው። እዥ ለሞላበት የቆየ ቁስል ግን ገንዘብና ጊዜ ማባከን ነው።

ካዴክሶመር የሚባለው ፖሊመር የተሻሻለ ስታርች ነው። የስታርቹ ረጃጅም ሰንሰለቶች እርስ በርስ ተቆላልፈው እንደ ደቃቅ አሸዋ ያሉ ክብ ፍሬዎች ይሠራሉ። እያንዳንዷ ፍሬ ውስጧ በቀዳዳ የተሞላ መረብ ናት፤ አዮዲኑም በመረቡ ውስጥ ተይዞ ይቀመጣል። ትምህርት ቤት ስታርች ላይ አዮዲን ጠብ አድርጎ ቀለሙ ሲጠቁር ያየ ሰው የሁለቱን ቁርኝት ያስታውሳል። ፍሬዋ ደረቅ እስከሆነች ድረስ አዮዲኑ አይንቀሳቀስም። እዥ ሲነካት ውኃውን ትስባለች፣ ታብጣለች፣ ቀዳዳዎቿ ይሰፋሉ፣ አዮዲኑም ቀስ በቀስ ይወጣል። ቁስሉ ብዙ እዥ ካለው ብዙ ይወጣል፤ እዡ ሲቀንስ የሚወጣውም ይቀንሳል። ቧንቧውን የሚከፍተው ቁስሉ ራሱ ነው ማለት ይቻላል። ለዚህ ሁሉ ባትሪ ወይም የተወሳሰበ ሽፋን አላስፈለገም፤ በተቆላለፈ ስታርች ብቻ ይህን መሥራት መቻሉ በእኛ ዓይን የዚህ ምርት ትልቁ ክብር ነው።

ውኃ መሳቡ በራሱም ሥራ ነው። 1 ግራም ካዴክሶመር አዮዲን እስከ 6 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ይይዛል። ከእዡ ጋር ባክቴሪያ፣ የሞተ ሕዋስ ፍርስራሽና ቢጫው ልጥፍ ሟች ሥጋ ከቁስሉ ወለል እየተነሳ ወደ ጄሉ ይገባል። በቆዩ ቁስሎች ላይ ባክቴሪያዎች ባዮፊልም የሚባል ዝልግልግ ሽፋን ሠርተው ከሥሩ ይደበቃሉ፤ ተራ ማጠቢያ አይደርስባቸውም። ውኃውን እየመጠጠ አዮዲን የሚለቅ ነገር ለቀናት ሲቀመጥበት ግን ሽፋኑ ይዳከማል። ማር ቁስል ላይ የሚሠራው አንዱ ሥራም ይኸው ውኃ መሳብ ነው። ይሁን እንጂ ለሕክምና የሚሸጠው ማር በጨረር የተመከነ ነው፤ የገበያው ማር የቦቱሊዝም ባክቴሪያ ዘር ሊይዝ ስለሚችል ክፍት ቁስል ላይ አይመከርም።

ማስረጃውስ? በደም መላሽ ሥር ችግር የሚመጣ የእግር ቁስል ላይ በአንቲባዮቲኮችና በፀረ ተዋስያን ዙሪያ የተደረጉ ጥናቶችን አንድ ላይ ያየው የ2014 (እ.ኤ.አ.) የኮክራን (የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ዓለም አቀፍ ድርጅት) ግምገማ ካዴክሶመር አዮዲን ከተለመደው እንክብካቤ ይልቅ ሙሉ በሙሉ የሚድኑ ቁስሎችን ቁጥር እንደሚጨምር የተወሰነ ማስረጃ አግኝቷል። ጥናቶቹ ትንንሽ ናቸው፣ ጥራታቸውም እኩል አይደለም። ቢሆንም በዚያ ግምገማ ውስጥ ካሉት ፀረ ተዋስያን ብዙዎቹ ይህን ያህል እንኳ አላገኙም።

አጠቃቀሙን እንይ፤ ጄሉ የሚከሽፈው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነውና።

በመጀመሪያ ቁስሉ በኖርማል ሳላይን ይታጠባል። ሳላይን ከሌለ አንድ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ንጹሕ ውኃ ውስጥ 9 ግራም ጨው፣ ማለትም አንድ ተኩል ልክ የሻይ ማንኪያ ያህል፣ ማሟሟት ይበቃል፤ በዕለቱ ተጠቅሞ የተረፈውን መድፋት ነው። ዙሪያው ያለው ጤነኛ ቆዳ በደንብ ይደርቃል። የቁስሉ ወለል ግን ጥቂት እርጥበት ይቅርበት፤ የመጀመሪያዎቹን ፍሬዎች የሚያነቃው ያ እርጥበት ነው። ዙሪያውን ከእዥ ለመከላከል ስስ የዚንክ ቅባት ወይም ቫዝሊን ጠርዙ ላይ መቀባት ይቻላል። ቫዝሊኑ ወደ ቁስሉ ውስጥ እንዳይገባ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ በጄሉና በእዡ መካከል ቅባት ከገባ ውኃው ወደ ፍሬዎቹ አይደርስም፣ አዮዲኑም እዚያው ታስሮ ይቀራል።

ከዚያ ጓንት አድርጎ ጄሉን በንጹሕ ደረቅ ጎዝ ላይ መጭመቅ፣ ጎዙን በቁስሉ ልክ ቆርጦ መግጠም ነው። ቀጥታ ቁስሉ ላይ ከመጭመቅ ይህ ይሻላል፤ የቲዩቡ አፍ ቁስሉን አይነካም፣ ውፍረቱም ይስተካከላል። ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ያህል መሆን አለበት። ይህን ሰው ሁሉ ያሳንሰዋል፤ እንደ ቆዳ ቅባት ስስ አድርጎ ይለቀልቀዋል። ስስ ሽፋን አዮዲኑን በአንድ ሌሊት ጨርሶ በማግስቱ ባዶ ስታርች ይሆናል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 2.5 በ4 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቁስል፣ ማለትም 10 ካሬ ሴንቲ ሜትር፣ በ3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ለመሸፈን ከ3 እስከ 4 ግራም ይፈልጋል። 10 ግራሟ ቲዩብ ለእንዲህ ያለ ቁስል ሦስት ጊዜ ያህል ታገለግላለች። በሳምንት ሦስት ጊዜ ከተቀየረ ሳምንቱ ቲዩቧን ጨረሰ ማለት ነው፤ ወጪውን ከመጀመሪያው በዚህ መንገድ አስልቶ መግባት ያስፈልጋል። በቁጠባ ስስ አድርጎ መቀባት ገንዘብ አያተርፍም።

በላዩ ደረቅ ጎዝና ፋሻ ይደረጋል። ቁስሉ የደም መላሽ ሥር ቁስል ከሆነ እግሩን ከጣት ሥር እስከ ጉልበት በታች የሚይዘው የኮምፕሬሽን ፋሻ፣ ማለትም እግሩን ጠበቅ አድርጎ የሚጫነው፣ ከላይ መታሰር ይችላል፤ መታሰርም አለበት፤ እብጠቱ ካልወረደ ጄሉ ብቻውን ቁስሉን አይዘጋውም። የስኳር ሕመምተኛ የእግር መዳፍ ቁስልም እንዲሁ ነው። ክብደቱ ከቁስሉ ላይ ካልተነሳ፣ በሽተኛው በዚያው ጫማ በዚያው ቁስል ላይ እየረገጠ ከዋለ፣ የትኛውም ጄል ቢቀባ ልፋት ነው። የሥጋ ደዌ ነርቭ ጉዳት ያለባቸው ሰዎች የመዳፍ ቁስልም በዚህ ሕግ ይመራል።

መቼ ይቀየር ለሚለው ጥያቄ ጄሉ ራሱ ይመልሳል። አዮዲኑ እያለ ቡናማ ነው፤ አዮዲኑ ሲያልቅ ወደ ቢጫ፣ ከዚያም ወደ ግራጫ ነጭ ይለወጣል። አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ መቀየር ይበቃል፤ እዡ በጣም የበዛበት ቁስል በመጀመሪያዎቹ ቀናት በየቀኑ ሊፈልግ ይችላል። እዚህ ላይ ሁለት ስሕተት ይፈጸማል። አንደኛው ነጭ የሆነውን ጄል መግል ነው ብሎ መደንገጥ ነው። ፋሻው ሲፈታ የሚታየው ነጭ ፈዛዛ ክምችት ሥራውን የጨረሰ ስታርች ነው። አንዳንዱ ታካሚ ቁስሉ ተባባሰ ብሎ አንቲባዮቲክ ይጀምራል፣ ጄሉንም ይተዋል። መግል መሆኑን መለየት የሚቻለው ከታጠበ በኋላ ነው፤ ስታርቹ በውኃ ይሄዳል፣ የታመመ ቁስል ግን ከታጠበ በኋላም ይሸታል፣ ዙሪያው ይቀላል፣ ይሞቃል፣ ሕመሙ ይጨምራል። ሁለተኛው ስሕተት የነጣውን ጄል ለተጨማሪ ቀናት መተው ነው። የጠገበ ስታርች ከዚያ በኋላ እዥ አይስብም፤ እዡ ወደ ጠርዝ ይፈሳል፣ ጤነኛው ቆዳ ነጥቶ ይለሰልሳል፣ ቁስሉም ይሰፋል።

ጎዙ ከተጣበቀ በጉልበት መሳብ አይገባም። በሳላይን ወይም በንጹሕ ውኃ ለጥቂት ደቂቃ ማራስ፣ ከዚያ በቀስታ ውኃ እያፈሰሱ ማስለቀቅ ነው። ጥቂት ፍሬዎች ቁስሉ ውስጥ ቢቀሩ አያስጨንቅም፤ ስታርች ስለሆኑ በሰውነት ውስጥ ያለው አሚሌዝ የሚባለው ኢንዛይም ይሰባብራቸዋል። አፉ ጠባብ፣ ውስጡ ጥልቅ የሆነ ሰርጥ ውስጥ ግን ጄሉን መሙላት ተገቢ አይደለም፤ ያበጠውን ነገር አጥቦ ማውጣት ያስቸግራል።

ሕመሙን አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። ጄሉ በተቀባ የመጀመሪያው ሰዓት ማቃጠልና መቆጥቆጥ የተለመደ ነው፤ አንዱ ምክንያት ውኃ በፍጥነት መሳቡ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በሰዓቱ ውስጥ ይበርዳል። ሳይነገረው የተቀባለት ታካሚ ግን መድኃኒቱ አቃጠለኝ ብሎ ማታ ፋሻውን ይፈታዋል። ሕመሙ ከሰዓታት በኋላም ካልቀነሰ፣ ወይም ዙሪያው ቀልቶ ካሳከከ፣ አለርጂ ሊሆን ስለሚችል አጥቦ ማቆም ነው።

የትኛው ቁስል አይሆንለትም? ደረቅ ቁስል። ጥቁር ደረቅ ቅርፊት የሸፈነው፣ ወይም የደም ወሳጅ ሥር ተዘግቶ የደረቀ ጣት ላይ ይህን ጄል ማድረግ ትርጉም የለውም። እዥ ከሌለ ፍሬዎቹ አያብጡም፣ ቀዳዳዎቹ አይከፈቱም፣ አዮዲኑ አይወጣም። ይልቁንም ጄሉ ያለችውን ጥቂት እርጥበት መጥጦ ይደርቃል፣ ከቁስሉ ጋር ይጣበቃል፣ ሲነሳ አዲሱን ሥጋ ይዞ ይነሳል። ይህን ምርት አልሠራልኝም ብሎ የሚያማርር ሰው ሲገኝ መጀመሪያ የሚጠየቀው ቁስሉ እዥ ነበረው ወይ የሚለው ነው።

አብረው የማይሄዱ ነገሮችም አሉ። የብር ፋሻ ከአዮዲን ጋር መደራረብ ሁለቱንም ማጥፋት ነው፤ ብርና አዮዲን ተገናኝተው የማይሟሟ ውህድ ይሠራሉ። ሜርኩሮክሮምን የመሰሉ ሜርኩሪ ያለባቸው ፀረ ተዋስያን ከአዮዲን ጋር ፈጽሞ አይቀቡም። ሟች ሥጋን የሚያሟሟው የኮላጅኔዝ ቅባትም በአዮዲን ይከሽፋል፤ አንዱን መምረጥ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንግባ። የአንድ አዋቂ ሰው የቀን የአዮዲን ፍላጎት 150 ማይክሮ ግራም ነው። 1 ግራም አዮዶሶርብ 9 ሚሊ ግራም አዮዲን ይይዛል፤ ይህም የ60 ቀን ፍላጎት ማለት ነው። ሁሉም ወደ ደም አይገባም፤ ነገር ግን ቁስሉ ሲሰፋና ጊዜው ሲረዝም የሚገባው ይጨምራል። ለዚህም ነው መመሪያው በአንድ ጊዜ ከ50 ግራም፣ በሳምንት ከ150 ግራም እንዳይበልጥ፣ አንድ ተከታታይ ሕክምናም ከ3 ወር እንዳያልፍ የሚያዘው። ለልጆች፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለሚያጠቡ እናቶች አይሆንም። የሃሺሞቶ ሕመም፣ የግሬቭስ ሕመም ታሪክ (ሁለቱም የእንቅርት ዕጢ ሕመሞች ናቸው) ወይም እባጭ ያለበት እንቅርት ላለው ሰው አይሰጥም። ኩላሊቱ በጣም የደከመ ሰው ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሊቲየም የተባለውን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሊጠቀመው አይገባም፤ ግሊቤንክላማይድን የመሰለ የስኳር ክኒን የሚወስድም ለሐኪሙ ሳይነግር መጀመር የለበትም።

እንቅርት የሚለውን ቃል ኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ዝም ብለው እንዳያልፉት። በደጋው አገራችን እንቅርት የብዙ ቤተሰብ ታሪክ ነው። ለዓመታት አዮዲን ባነሰው ምግብ የኖረና እባጭ ያወጣ የእንቅርት ዕጢ በድንገት ብዙ አዮዲን ሲያገኝ ከልክ በላይ ሆርሞን ማምረት ሊጀምር ይችላል። ምልክቱ የልብ ምት መፍጠን፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ሙቀት አለመቻል፣ ክብደት መቀነስ ነው። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ የልብ ምት መዛባትም ያመጣል። የእግር ቁስል የሚበዛው ደግሞ በእነዚሁ በዕድሜ በገፉት ላይ ነው። ስለዚህ ለእናት ወይም ለአባት ይህን ጄል ከውጭ አገር የሚልክ ዘመድ ቲዩቡን ከመላኩ በፊት አንገታቸውን እንዲታዩ፣ አጠራጣሪ ከሆነም የእንቅርት ዕጢን አሠራር የሚያሳየውን የቲ.ኤስ.ኤች የደም ምርመራ እንዲያደርጉ ይንገር። ማስቀመጫው ከ25 ዲግሪ በታች መሆን ስላለበትም በሻንጣ ተጭኖ መኪና ውስጥ የዋለ፣ ወይም በቆላ ከተማ መስኮት ላይ የተቀመጠ ቲዩብ አስተማማኝ አይደለም።

በተመሳሳይ ሐሳብ ከተሠሩት ሌሎች ምርቶች ጋር እናነጻጽረው። አኳሴል ኤጂ ከካርቦክሲሜቲል ሴሉሎስ ክር የተሠራ ሆኖ 1.2% ብር ይዟል፤ እዥ ሲነካው ጄል ይሆናል፣ እስከ 7 ቀን ይቆያል። የእንቅርት ችግር ላለበት ሰው የተሻለው ምርጫ እሱ ነው፤ ለአጠቃቀምም ይቀላል። ነገር ግን እንደ አዮዶሶርብ ያለቀበትን ቀን በቀለም አይናገርም። ቢያቴን አይቢዩ ደግሞ የፖሊዩሬቴን ስፖንጅ ነው፤ በየካሬ ሴንቲ ሜትሩ 0.5 ሚሊ ግራም አይቡፕሮፌን ይዞ በእዡ መጠን ይለቃል። ባክቴሪያን አይገድልም፤ ሥራው ሕመም ማስታገስ ነው። ቁስሉ ንጹሕ ሆኖ ሕመሙ እንቅልፍ ለሚነሳው ሰው እሱን እንመርጣለን። ሬግራኔክስ የተባለው የዕድገት ፕሮቲን ጄል ለስኳር ሕመምተኞች የእግር ቁስል በአሜሪካ ከ1997 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ተፈቅዷል፤ ሆኖም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ማቀዝቀዣ ውስጥ መቀመጥ አለበት፣ በየቀኑም ይቀባል። መብራት በሚቆራረጥበት ቤት ይህ ብቻውን ከውድድር ያስወጣዋል።

አዮዶሶርብን የምንመክረው እንግዲህ ለዚህ ቁስል ነው፦ እዥ ያለው፣ ቢጫ ልጥፍ የያዘው፣ የሚሸት፣ ለሳምንታት ፈቀቅ ያላለ፣ እንቅርት በሌለበት አዋቂ ሰው እግር ላይ ያለ። የሥጋ ውስጥ ኢንፌክሽን ካለ፣ ትኩሳት ካለ፣ ቅላቱ ወደ ላይ እየሮጠ ከሆነ ወይም አጥንት ከታየ የጄል ጉዳይ ስላልሆነ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መሄድ ነው።

ከጀመሩ በኋላ በየሳምንቱ የቁስሉን ርዝመትና ስፋት በማስመሪያ ለክቶ ከቀኑ ጋር መጻፍ ያስፈልጋል፤ ዓይን ያታልላል። በተለይ የስኳር ሕመምተኛ የእግር ቁስል በ4 ሳምንት ውስጥ ስፋቱ በግማሽ ካልቀነሰ ሌላ ቲዩብ ከመክፈት በፊት የደም ዝውውሩ፣ የአጥንቱ ሁኔታና የጫማው ጉዳይ እንደገና ይታይ። ቢጫው ልጥፍ ሄዶ ቀይ እርጥብ አዲስ ሥጋ ወለሉን ከሸፈነና እዡ ከቀነሰ ደግሞ ቲዩቡ ባያልቅም ጄሉ ይቁም፤ ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው የማይጣበቅ የቫዝሊን ጎዝ ብቻ ነው።